«ምንም አልታየም» ከተባለ በኋላ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕፃናት የአንጎል ምርመራና ቀዶ ሕክምና

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሕፃን የሚያሳድጉ ወላጆች የሚያልፉበት መንገድ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ድንጋጤ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከጎረቤት መደበቅ፣ ከዚያም ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል መንከራተት ይከተላል። መድኃኒት ይታዘዛል፤ ብዙዎቹ ሕፃናትም በታዘዘላቸው መድኃኒት ይሻላቸዋል። አንዳንዶቹ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት ቢጨመርላቸውም መውደቃቸው አይቆምም። በዚህ ጊዜ የአንጎል ኤም.አር.አይ ይነሣል፤ ውጤቱ ሲመጣም በወረቀቱ ላይ «ምንም ችግር አልታየም» የሚል ቃል ይገኛል። ልጃቸው በፊታቸው እየወደቀ «ምንም አልታየም» መባሉ ለወላጆች ከሕመሙ የማይተናነስ ጭንቀት ነው።

ይሁን እንጂ «አልታየም» ማለትና «የለም» ማለት ይለያያሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞች መርምረው ችግር የለባቸውም ባሏቸው የአንጎል ምስሎች ውስጥ የሕመሙ መነሻ የሆነች ትንሽ ስፍራ ተሰውራ ልትገኝ እንደምትችል በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠሩ ፕሮግራሞች አሳይተዋል። ያቺ ስፍራ ከታወቀች ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሠራ፣ እስከ ምን እንደሚደርስና የማይደርስበት የት እንደሆነ ማወቅ ለእኛ ለምእመናን የሚጠቅምበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ስለዚህ ሕመም ያለን አስተሳሰብ ራሱ ለብዙ ሕፃናት ሌላ ሸክም ሆኗል።

ስለ ሕመሙ የምናስበው

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጣም ደካማ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው በአንድነት ምልክት መላክ ሲጀምሩ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ደግሞ ሳይወድቅ ለጥቂት ቅጽበት ፈዝዞ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ፣ ከእነዚህም 80 ከመቶ የሚጠጉት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚገኙ ይገልጻል። ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉም ያስረዳል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ሕመሙ ከ1000 ሰዎች በ5.2 ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል። በዚህ ስሌት 4000 ምእመናን በሚኖሩበት አጥቢያ ሃያ ያህል ሕሙማን አሉ ማለት ነው። ታዲያ በዐውደ ምሕረት ላይ ስንቶቹን እናያቸዋለን?

የማናያቸው ስለሚደበቁ ነው። ሕመሙ በትንፋሽና በምራቅ የሚተላለፍ የሚመስለው፣ የወደቀውን ሕፃን ከማንሣት ይልቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ከእሳት ዳር የወደቀውን እንኳ ለመንካት የሚፈራ ብዙ ነው። ሕመሙ በመነካካት አይተላለፍም፤ ክብሪቱም አይረዳም። የሚረዳው ሕፃኑን በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ደግሞ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

አንዳንዶች የሚወድቀው ሁሉ ክፉ መንፈስ የያዘው ነው ብለው ይደመድማሉ፤ ለዚህም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አባቱ ወደ ጌታችን ያቀረበውን ብላቴና ይጠቅሳሉ። ጌታችን ያንን ብላቴና ከርኩስ መንፈስ እንዳዳነው እናምናለን። ነገር ግን ይኸው ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ላይ የተፈወሱትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት የያዟቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ ይነሣባቸው የነበሩትን ለብቻ አድርጎ ጠቅሷል። እንግዲህ ወንጌላዊው የለየውን እኛ ልንደባልቀው አይገባም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምንና መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት መጠቀም እንደሚችሉ በይፋ አስተምረው ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙን አብሶ ሊያስነሣ፣ አልፎ አልፎም ሕይወትን ሊያሳጣ የሚችል ስለሆነ ይህ ትምህርት ለእነዚህ ሕፃናት ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

የሰው ዓይን ለምን ያልፈዋል?

የአንጎላችን የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ስስ ሽፋን በራስ ቅላችን ውስጥ እንዲበቃ እንደ ተጨመደደ ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ የአንጎል ሕዋሳት ከተፈጠሩበት ከውስጠኛው ክፍል ተነሥተው ወደዚህ ሽፋን ይጓዛሉ፤ በየተራቸውም ንብርብር ሠርተው ይቀመጣሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ያለ ቦታቸው ሲቀሩ ወይም ቅርጻቸው ሲዛባ ፎካል ኮርቲካል ዲስፕላዢያ የሚባለው ችግር ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዴቪድ ቴይለርና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና ከወጡ የአንጎል ክፍሎች ላይ ገልጸው ጽፈውታል። ዛሬ ይህ ችግር መድኃኒት አልበግር ላለው የሕፃናት የሚጥል በሽታ ዋና ከሚባሉት መንሥኤዎች አንዱ እንደሆነ ይታወቃል። እናቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ይወቀሳሉና አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል፦ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ መንሥኤው በፅንሱ ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ብቻ የተከሠተ የዘረ መል ለውጥ ነው፤ እናቲቱ ስለበላችው ወይም ስላልበላችው፣ ስለ ሠራችው ወይም ስላልሠራችው የመጣ አይደለም።

ኤም.አር.አይ ያለ ጨረር፣ በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ሲሆን አንጎልን በመቶዎች በሚቆጠሩ ስስ ምስሎች ከፋፍሎ ያሳያል። የተዛባችው ስፍራ ግን አንዳንዴ ከአንድ እጥፋት ግርጌ የተሸሸገች፣ ሽፋኑ ከተለመደው በጥቂቱ የወፈረባት፣ ወይም የግራጫውና የነጩ ክፍል ድንበር ትንሽ የደበዘዘባት ብቻ ናት። በሕፃናት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነርቭ ክሮች ሽፋን ገና እየተሠራ ስለሆነ በግራጫውና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት በየወሩ ይለዋወጣል፤ በስድስት ወሩ የታየ ምልክት በዓመት ተኩሉ ሊሰወር፣ ቆይቶም ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምስሉን ያነበቡት ሐኪም ቸልተኛ ነበሩ ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ፕሮግራሙ የሚሠራው

በኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች መልድ በተባለው የጋራ ጥናት ሥር ከ23 የሚጥል በሽታ ሕክምና ማእከላት የ1185 ሰዎችን የአንጎል ምስል ሰበሰቡ። ከእነዚህ 703ቱ የተባለው ችግር ያለባቸው ሲሆኑ 482ቱ ለማነጻጸሪያ የተካተቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ይህን ያህል ምስል አያገኝም። ውጤቱ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የተጨመደደውን የአንጎል ሽፋን በኮምፒውተር ይዘረጋዋል፤ በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦችም ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሽፋኑን ውፍረት፣ የእጥፋቱን ጥልቀት፣ የግራጫውና የነጩን ድንበር ጥራትና የምስሉን ድምቀት ይለካል። የለካውንም ችግር ከሌለባቸው ሰዎች ልኬት ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም ነጥቦቹን ከነጎረቤቶቻቸው፣ እንዲሁም ከመላው አንጎል ጋር አያይዞ «እዚህ ላይ ተመልከቱ» የሚል ምልክት ያደርጋል። የሚመሰገንበት ነገር ምልክት አድርጎ ዝም አለማለቱ ነው፤ የትኛው ልኬት እንደተዛባና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ አብሮ ያቀርባል። ሐኪሙም መልሰው በዓይናቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ተመራማሪዎቹ እንደገለጹት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ሳያዩዋቸው ካለፉት ስፍራዎች ፕሮግራሙ 64 ከመቶውን አግኝቷል። በሮም ባምቢኖ ጄዙ የሕፃናት ሆስፒታል ይታከም የነበረ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒት ሞክሮ በየቀኑ ከመውደቅ አላረፈም ነበር፤ በእርሱም ምስል ውስጥ ከሐኪሞች የተሰወረችውን ስፍራ ፕሮግራሙ ጠቁሟል።

የቁጥሩን ሌላ ገጽም እንመልከት። ከመቶ ስውር ስፍራዎች 36ቱ ከፕሮግራሙም አምልጠዋል። ካደረጋቸውም ምልክቶች ትክክል የሆኑት 67 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ፕሮግራም በዚሁ መለኪያ 39 ከመቶ ነበር። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ከሦስት ምልክቶች አንዱ ስሕተት ነው ማለት ነው። በምልክቱ ብቻ ተማምኖ የሕፃንን አንጎል የሚከፍት ሐኪም ቢኖር ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህም ፕሮግራሙ ሲታተም ለምርምር የቀረበ እንጂ በሆስፒታል ለየዕለቱ ሥራ የተፈቀደ አልነበረም።

በአውስትራሊያ ሜልቦርን የመርዶክ የሕፃናት ምርምር ተቋም ባልደረቦች በዚያው 2025 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የኤም.አር.አይን ምስል ከፔት ምስል ጋር አጣምረው ተጠቅመዋል። ፔት አንጎል ስኳር የሚጠቀምበትን መጠን የሚያሳይ ምርመራ ሲሆን የተዛባችው ስፍራ በጥቃት መካከል ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቶቿ ያነሰ ትጠቀማለች። ሁለቱ ምስሎች ሲጣመሩ ከተፈተኑት ቡድኖች በአንዱ ፕሮግራሙ 94 ከመቶ ተሳክቶለታል። በዚህ ቡድን ከነበሩት 17 ሕፃናት 12ቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው 11ዱ መውደቅ አቁመዋል። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሊገነባበት አይችልም፤ ለ11ዱ ሕፃናት ቤተሰቦች ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከምልክቱ እስከ ቀዶ ሕክምናው

ብዙ ወላጆች ማሽኑ ስፍራውን ካገኘ በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና የሚደረግ ይመስላቸዋል። በመካከሉ ግን ብዙ ሥራ አለ። ሕፃኑ ለቀናት ሆስፒታል ተኝቶ በቪዲዮና በኢ.ኢ.ጂ ይከታተሉታል፤ ጥቃቱ ሲነሣ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከዚያችው ስፍራ መነሣቱ ይረጋገጣል። ንግግሩ፣ ትውስታውና የእጁ እንቅስቃሴ ከየትኛው ክፍል እንደሚመነጭ ይመረመራል። አንዳንዴም በራስ ቅሉ ላይ በሚከፈቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎች ወደ አንጎል ይገባሉ፤ በዚህ ሥራ የሮቦት ክንድ የሚጠቀሙ ሆስፒታሎች አሉ። ሁሉም መረጃ ወደ አንድ ስፍራ ሲያመለክት፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙና የሥነ ልቡና ባለሙያው በአንድነት ተቀምጠው ይወስናሉ። ወላጆችም ከወሳኞቹ መካከል ናቸው።

የወላጆች ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ሐኪሞችም አይንቁትም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሁሉ አይድኑም፤ በዚህ ችግር ከታከሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መውደቅ ያቆማሉ፤ ሌሎቹ ይቀንስላቸዋል፣ ጥቂቶቹ ምንም ለውጥ አያገኙም። የሕፃን አንጎል ግን ለአዋቂ ያልተሰጠ ጸጋ አለው፦ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ የአንዱን ክፍል ሥራ ሌላው ሊረከብ ይችላል። በጣም ከባድ በሆነ ሕመም የአንጎላቸው አንዱ ንፍቅ ከሌላው እንዲለይ የተደረገላቸው ሕፃናት ቆይተው ሲራመዱና ሲናገሩ ይታያሉ፤ በአንድ በኩል ያለው እጃቸው ረቂቅ ሥራ መሥራት ቢያቅተውና የዕይታቸው ግማሽ ቢጎድልም። ፈጣሪ በሕፃናት አንጎል ውስጥ ያኖረው ይህ የመተካት ኃይል የትኛውም ፕሮግራም ያልደረሰበት ነው።

በሌላ በኩል የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ሕፃናት ጉዳይ አለ። በዚያ ጥያቄው ስፍራውን ማግኘት ሳይሆን የዕጢውን ማንነት ማወቅ ነው። አንዳንዱ ዕጢ ከሥሩ ተጠርጎ ካልወጣ ይመለሳል፤ ሌላው ቢቀር በመድኃኒትና በጨረር ይጠፋልና የሕፃኑን ንግግር ወይም እግር መሥዋዕት አድርጎ ማውጣት አያስፈልግም። የዘረ መል ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ከቀናት በኋላ ነበር። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የልዕልት ማክሲማ የሕፃናት ካንሰር ማእከል ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት ይፋ ያደረጉት ስተርጅን የተባለ ፕሮግራም ይህን ጊዜ ወደ 90 ደቂቃ አሳጥሮታል፤ ሕፃኑ ገና በሰመመን ላይ ሳለ ውጤቱ ይደርሳል። በ25 ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ሲሞከር በ18ቱ ትክክለኛውን ስም ተናግሯል። በቀሩት 7 ላይ ግን የሚያበቃ እርግጠኝነት ስላላገኘ መልስ ሳይሰጥ ቀርቷል። እኔ ከ18ቱ ይልቅ 7ቱን አደንቃለሁ። እርግጠኛ ባልሆነበት ዝም እንዲል ተደርጎ የተሠራ መሣሪያ ሐኪሙን ወደ ስሕተት አይመራምና።

ስለ ስሙም ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» መባሉ አንዳንድ ምእመናንን ሲያስጨንቅ ይሰማል፤ ማስተዋል በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከመንፈስ ቅዱስ የሚሰጥ ሀብት ነውና። ፕሮግራሙ ግን ቁጥርን ከቁጥር ያነጻጽራል እንጂ ስለ ሕፃኑ ምንም አያውቅም። ለሚሰጠው ምልክትም በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ምልክቱን ተቀብሎ ቢላዋ የሚያነሣው ሰው ነው። የተማረባቸውም ምስሎች ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ወይም ከአንድ ዓይነት ሕዝብ ብቻ ከሆኑ በሌላው ላይ ይበልጥ ይሳሳታል። የአፍሪካ ሕፃናት ምስሎች በእንዲህ ያሉ ጥናቶች መካተታቸው ስለዚህ ያስፈልጋል።

በአገራችንና በውጭ ላሉ ወላጆች

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ በርገን ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ተመርቀዋል። ወደ እነርሱ የሚመጡት ብዙዎቹ ሕፃናት ግን ሕመማቸው የተሰወረ አይደለም፤ በጭንቅላታቸው ውኃ የተቋጠረባቸው፣ ጀርባቸው ላይ የነርቭ ዘንጋቸው ሳይገጠም የተወለዱ ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልጋቸው ማሽን አይደለም፤ ሳይደበቁ በጊዜ መምጣት ነው። እናቶችም ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ከዚህ ሕመም ብዙው አስቀድሞ ይከለከላል። ስለ ረቂቁ ፕሮግራም ስንነጋገር ይህንን ከረሳን ነገሩን ከጫፉ ጀመርነው ማለት ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የምትኖሩ ወላጆች ግን እነዚህን ፕሮግራሞች በቅርቡ በልጆቻችሁ ሕክምና ውስጥ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ልጃችሁ ሁለት ተስማሚ መድኃኒቶች በትክክል ወስዶ ካልተሻለው ወደ ሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ማእከል እንዲላክ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዓመታት በፊት «ንጹሕ» የተባለ ምስል እንደገና እንዲነበብ መጠየቅም ነውር የለውም። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ታላቅ እኅቱን ወይም ወንድሙን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለልጆቹም ከባድ ነው፣ ለሐኪሙም አያስተማምንም። የምስሎቹን ቅጂ በሲዲም ሆነ በሌላ መንገድ ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ ስላለበት ሕፃኑ ሥጋ ወደሙ በሚቀበልበት ዕለት የሚፈጠረው ጥያቄ ብዙ ወላጆችን ያስጨንቃል። አንዳንዶች የጠዋቱን መድኃኒት ሳያማክሩ ይዘሉታል፤ አንዳንዶች ደግሞ ልጁን ከቁርባን ያርቁታል። ሁለቱንም ከማድረግ በፊት ሐኪሙን የመድኃኒቱን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ፣ የነፍስ አባትን ደግሞ ስለ ሥርዓቱ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው።

ልጁ ሲወድቅ ከተረጋጋችሁ በኋላ ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገርም አለ። ሌላ ሰው ልጁን ሲንከባከብ በስልክ ቅረጹት፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፉ። በተለይ የትኛው እጅ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወደየት እንደዞረ፣ ከተነሣ በኋላ መናገር ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ተመልከቱ። ቀኝ እጁ ቀድሞ ከተንቀጠቀጠ ሐኪሙ መነሻውን በግራው የአንጎል ክፍል ይፈልጋሉ። ፕሮግራሙ ምልክት ያደረገው በቀኝ በኩል ከሆነ ደግሞ ይህ የወላጅ ቅጂ ሐኪሞቹን ቆም ብለው እንደገና እንዲመረምሩ ያደርጋቸዋል።